ኮድ በወረቀት

ከአማራ ክልል፣ ከእንሳሮ ወረዳዋ ለሚ ወጥተን ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርንና የምንማር ልጆች ክረምት ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው በየአቅጣጫው በትኖናል፤ አንዱ ቆላ ሌላው ደጋ ደርሶታል። እሮሯችን ግን አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥንበት ሰዓት አነሰን። የዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ዲፓርትመንት ሳንገባ ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ከአራቱ ዓመት አንዱ በጋራ ኮርሶች ያልፋል። ሎጂክና ሳይኮሎጂ መማሩን አልጠላሁትም። ግን በዚያው ዓመት ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባል ኮርስ አለ፤ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ብሎክቼይን ሞጁል አንብበን እንፈተናለን። ያኔ ከመካከላችን ፎልደር መክፈት እንኳ በእጁ ያልሞከረ ብዙ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ልጅ ኪቦርድ የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ኪቦርድ መንካቱን ሳይጠይቁት ስለ ብሎክቼይን ይጠይቁታል።

ከዚያ የኮምፒውተር ላብ ይመጣል። በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል፤ ስንደርስ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም። ቁልፉ ሲገኝ መብራት የለም። መብራት ሲኖር ግማሹ ማሽን አይነሳም፤ በሚነሳው ላይ ሦስት ሰው ይቀመጣል። ከሦስቱ ኪቦርዱን የሚይዘው ቀድሞም የሚችለው ልጅ ነው፣ ሌሎቹ በትከሻው በኩል አይተው ይወጣሉ። ጥቂት ሠርተህ በፍላሽ ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ቫይረሱ ፋይልህን ሁሉ ሾርትከት ያደርግብሃል።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን የወረቀቱ ፈተና ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም በእስክሪብቶ፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ሰዓት እየተቆጠረብን እንጽፋለን። ሴሚኮለን የረሳ ነጥብ ይቀነስበታል። ማሽን ላይ ቢሆን ኮምፓይለሩ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳትን ወዲያው ይነግረን ነበር። ሙያው ደግሞ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ መጻፍ፣ ማስኬድ፣ ስህተቱን ማንበብ፣ አርሞ እንደገና ማስኬድ። ወረቀቱ ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ሽምደዳ ብቻ ያስቀርልናል። ጀማ ወንዝ ሳይወርዱ ዋናን በቃል እንደመፈተን ነው። ሸምድዶ ኤ ያገኘው ጓደኛችን ሥራ ቦታ ሄዶ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ስህተት ማግኘት አቅቶት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሰነፍ አልነበረም። ስህተት የመፈለግን ሥራ ማንም አላስለመደውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው ተጨመረ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም። የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ ይህም ጥሩ ነው። ግን ምርጫ ብቻ ነው። ዳታቤዝ፣ ኔትወርኪንግ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፓይለር ዲዛይን፣ ሁሉም ምርጫ። ለዓመታት በወረቀት ኮድ ሲጽፍ የኖረ ተማሪ በመጨረሻ ኮምፒውተር ፊት ሲያስቀምጡት ኮድ አይጽፍም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየመረጠ ይጫናል። ስለዚህ የመጨረሻው ዓመት በቴሌግራም የሚዞሩ የቆዩ ጥያቄዎችን በመሸምደድ ያልቃል። የመመረቂያ ፕሮጀክቱም በዚያው ይጎዳል፤ አምስት ሆነን ተመድበን አንድ ሰው ኮዱን ይሠራል፣ የቀረነው ዶክመንቴሽን እናሳምራለን። ተጠርዞ ይቀመጣል፤ የሚጠቀምበት የለም።

«የራሳችሁን ላፕቶፕ ግዙ» ይሉናል። በምን? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ፤ የላፕቶፕ ዋጋም አብሮት ወጣ። የእንሳሮ ገበሬ በሬውን ሸጦ ያገለገለ ላፕቶፕ ይግዛ ማለት በምን ይረስ ማለት ነው? ላፕቶፕ ያለውም ቢሆን፣ ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከርሟል። የማሽን እጥረቱም የቆየ ነው፤ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ከመቶ 70 ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያጥና ብሎ ሲወስን ክፍሉ በተማሪ ሞላ፤ ማሽኑ ግን በዚያው ልክ አልመጣም።

ቤት ስንገባ ደግሞ ሌላው ይጠብቀናል። የእትዬ ዲሽ ምስል አጣ፤ የጋሼ ስልክ ፓተርኑ ተቆለፈ፤ የአንዱ ፌስቡክ ተዘጋ፤ የሌላዋ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ጠፋ። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትማረው?» አልችልም ስትል ያዝናሉ፤ «ምን ተምሮ መጣ?» የሚል ወሬም ይዞራል። እነሱን አልወቅስም፤ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም። የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ መስከረም 2017 ላይ እዚሁ እንሳሮ ወረዳ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በዛ፤ ይህን የሚያህል ፋብሪካ ደጅህ ተቀምጦ እንዴት ሥራ ታጣለህ ይላሉ። የፋብሪካን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው የቁጥጥር ሥርዓት በአብዛኛው የኤሌክትሪካል መሐንዲሶች ሙያ ነው። ይህን ለአባት ማስረዳት፣ አራት ዓመት ስንቅ ለላከ አባት፣ ከባድ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለው ሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን ከየት እናምጣው?

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ላቡ ማታ እስከ አራት ሰዓት ይከፈት፤ ቁልፉን እኛው ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን። የፕሮግራሚንግ ፈተና ማሽን ላይ ይሁን፤ ማሽኑ ካነሰ በፈረቃ እንፈተን፣ ሌሊትም ቢሆን እንመጣለን። የመውጫ ፈተናው ውስጥ ቢያንስ አንድ ፕሮግራም ጽፎ ማስኬድ ይግባበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከቻለ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በእስክሪብቶ የሚፈተንበት ምክንያት አይታየኝም።