ተጠሪ አልቀረበም

ልደታ ተወልዶ ያደገ ሰው ሳይማርም ሕግ ያውቃል። ማለዳ ማለዳ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚጎርፈው ባለጉዳይ የሚያልፈው በእኛ በር ነው። ልጆች ሆነን ስንጣላ እንኳ «ምስክር አለኝ» እንባባል ነበር። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኢንተርኔቱ አልያዝ ብሎ ሲያስቸግረኝ ነገሩ ወደ ክርክር መዞሩ አይግረማችሁ።

የነገሩ መነሻ ዲቪ ነው። አሜሪካኖቹ የሎተሪውን ማመልከቻ በፖስታ መቀበል አቁመው በኢንተርኔት ብቻ ይሁን አሉ። ጊዜው ከጥቅምት 21 እስከ ታኅሣሥ 20። ፎቶው ከ62,500 ባይት መብለጥ የለበትም ተባለ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካለ ፎቶ ቤት መልኬን በፍሎፒ አስገልብጬ፣ ከጓደኛዬ ያገለገለ ሞደም ተውሼ፣ ከእናቴ ስልክ ላይ ዳንቴሉን ገፍፌ ተቀመጥኩ።

ሞደም ያላየ ትውልድ መጥቷልና ላስረዳ። ሞደም የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ለውጦ ለሰው ወሬ በተዘረጋ የስልክ ሽቦ የሚልክ ሳጥን ነው። መስመሩ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ ማለትም ለሐሜት፣ ለመርዶና ለ«እንዴት ሰነበታችሁ» ታስቦ የተሠራ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ሞደሙ ከወዲያኛው ሞደም ጋር ሲተዋወቅ ይጮኻል። ሁለት ድመቶች ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲጣሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ አንዲት ሴት ሽንኩርት ስታቁላላ አስቡ፤ ድምፁ እሱ ነው።

በምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር። ሞደሙ በጮኸበት የመጀመሪያ ምሽት ግን በሩ ላይ ቆማ አማተበችና «ለካህናቱ ቀድሞ ተገልጦላቸው ይሆናል» አለች።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው። እኛ ቤት 26,400 ቢት ካሳየ ደህና ቀን ነው። እሱም ሦስት ደቂቃ ይቆይና ቅጭ! ቅጹ ግማሽ ላይ፣ ፎቶው አፍንጫዬ ላይ ይቀራል። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። አውሮፕላን ካይሮ በደረሰበት ሰፈር የእኔ ማመልከቻ ሜክሲኮ አደባባይን አላለፈም።

ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዣንጥላ ዘርግተው፣ ታይፕራይተር ጭናቸው ላይ አድርገው ማመልከቻ የሚጽፉ ጎረቤታችን ናቸው። ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። መነጽራቸውን አደረጉና «ምን ብሎ ነው የሚመልስልህ?» አሉኝ። የስህተት ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። 680፣ የመስመር ድምፅ የለም። 676፣ መስመሩ ተይዟል። 691፣ ስም ወይም የይለፍ ቃል አልተቀበልኩም። 678፣ የተጠራው ወገን አይመልስም።

«ይሄማ የእኛው ቤት ነው» አሉ ጋሼ በደስታ። «691 አመልካች ማንነቱን አላስረዳም። 678 ተጠሪ አልቀረበም። ያው ቀጠሮ ነው የሚሰጥህ።»

አንደኛ ተከሳሽ ሞደሙ ሆነ። ጦር ኃይሎች ጓደኛዬ ቤት ወስጄ ስሞክረው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ሠራ፤ በነፃ ተሰናበተ። ሁለተኛ ተከሳሽ ሽቦው። ከግንቡ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የዛሬ ስንት ዓመት በፕላስተር ተጠቅልሎ ኖሯል፤ ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በቢላ ፍቄ እንደገና ጠመዘዝኩት። ፍጥነቱ ወደ 31,200 ወጣ፤ መቆራረጡ ግን እንደነበረ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ «የመስመር ድምፅ እስኪሰማ ጠብቅ» የሚለውን ምልክት አጠፋሁ። እሷ 680ን አስወገደችልኝ እንጂ ለዋናው ክስ አልረዳችም።

ጋሼ ደብተር ያዝ አሉኝ። በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን እንድጽፍ። አራት ምሽት ጻፍኩ። ማታ 2 ሰዓት ከ10፣ 2 ተኩል፣ 3 ሰዓት ከሩብ። ቅዳሜ ማታ በየአምስት ደቂቃው።

ጋሼ ደብተሩን ዘጉና «ሰው ነው» አሉ። «ሽቦ ቅዳሜን ከማክሰኞ አይለይም።»

ከዚያ በኋላ ሽቦውን ተከትለን ሄድን። ከቡፌው ጀርባ ሌላ ነጭ ሽቦ ተነጥሎ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ይሰወራል። ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። ዝም አለች። ጋሼ ዝምታዋን መዘገቡ።

«ምን ላድርግ» አለች በመጨረሻ፣ «ልጃቸው አሜሪካ ሲሄድ ስልክ አልነበራቸውም። እኔ ነኝ ያስቀጠልኩላቸው።»

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እትዬ ናቸው። ሄደን ጠየቅናቸው። «እትዬ፣ ማታ ማታ ስልኩን ያነሣሉ እንዴ?»

«አነሣለሁ እንጂ! ካላነሣሁት መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

ቅዳሜ ማታ ልጃቸው ከዋሽንግተን ይደውላል፤ ሌላውን ቀን ደግሞ መስመሩ በሕይወት መኖሩን ያያሉ። ሞደም መስመር ላይ እያለ ሌላ ቀፎ ሲነሣ የመስመሩ ጉልበት ይወርዳል፣ የክፍሉ ጫጫታ ሁሉ ይገባል፣ ሁለቱ ሞደሞች መደማመጥ ያቅታቸውና ይለያያሉ። ይህን ሁሉ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ።

«ልጄ ግን ታሟል» አሉ። «ሰሞኑን ሳነሣው ቃል አይወጣውም፤ ደረቱ ያፏጫል፣ ሲር ሲር ይላል። ብርዱ መትቶት ነው። ዳማከሴ አሽተህ ጠጣ እለዋለሁ፤ ወዲያው ይዘጋብኛል።»

ለሦስት ሳምንት ለሞደሜ ዳማከሴ ሲያዝዙለት ከርመዋል።

ሳቅ አፈነኝ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ልጁስ ቅዳሜ ደውሎ ቢሆን?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። እውነትም፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ልጅየው የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ነው። በአንድ አፍታ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ዞርኩ፤ መከላከያም አልነበረኝም።

ብይኑ እዚያው በእትዬ ረከቦት ፊት ተሰጠ። ኢንተርኔት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አይከፈትም። ቅዳሜ ጭራሽ። እትዬም ከ6 ሰዓት በኋላ ቀፎ አያነሡም፣ የሚያፏጭ ቢሰሙም አያዝዙም። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ይግባኝ የሚል ጠፋ።

ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተመዘገብኩ። ፎቶዬ ከነአፍንጫው፣ ከነአገጩ ሄደ። ልደታ ተኝቷል፤ ከውሾቹና ከእኔ በቀር የነቃ የለም። ጠዋት ዜናው ለእትዬ ደረሰ፤ ከሰዓት በኋላ ቆሎ ይዘው መጡ።

«እኔንስ አታስመዘግበኝም? ልጄ እስኪደውል ከምጠብቅ ልሂድለት።»

በሚቀጥለው ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሞደሙ ሲጮኽ ጆሯቸውን አስጠግተው «ይኸው! ይኸው ሳሉ!» አሉ። መስመሩ ያዘ። ስማቸውን ሞላሁ። የትውልድ ቀን ይላል።

«መቼ ተወለዱ፣ እትዬ?»

«በግንቦት ልደታ። ንፍሮው ደጅ ተጥዶ ሳለ ነው ምጥ የያዛት እናቴን።»

ግንቦት 1፣ በፈረንጅ ሜይ 9፤ ሞላሁ። «ዓመቱስ?»

«ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው... ወይስ በሦስተኛው? ታላቅ ወንድሜ የተወለደው በወጣ በዓመቱ ነው። እኔ ከእሱ...» ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። እኔም አብሬ እቆጥራለሁ፣ ስምንት ዓመት እየጨመርኩ።

ቅጭ!

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቀፎ የሚያነሣ ማንም አልነበረም። እትዬ አጠገቤ ናቸው፤ ሁለቱም እጃቸው ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ገና ይቆጥራሉ።