ለዓሣው ነፋስ፣ ለእኔ ላብ

ሰው ከሰነበተ የማያየው የለም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በግንቦት ቃጠሎ፣ ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ በሚተኛበት ሰሞን፣ በእኛ ቤት ሙቀት የሚታሰብለት ዓሣ ብቻ ሆኗል። የእኔን ደም ግፊት ለክቶ የሚያውቅ የለም፤ የዓሣው ውሃ ግን ጠዋት ማታ በቴርሞሜትር ይለካል።

የልጅ ልጄ 60 ሊትር የምትይዝ የመስተዋት ሣጥን ሳሎን ገትሮ ወርቃማ ዓሦች ለቀቀባት። «አባባ፣ እነዚህ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ አይስማማቸውም» ይለኛል። እኔንስ መቼ ተስማማኝ? ማስረጃም አያጣ፤ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ግድም የነበረው፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ይሆናል። ዓሣው ታዲያ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። እኔም ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አፌን ከፍቼ ነው የምውለው፤ ማን አየኝ!

መጀመሪያ የፍሪጁ በረዶ ቤት ተወረሰ። ሥጋው ወጥቶ በሃይላንድ የተሞላ ውሃ ገባ። በረዶው ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ውሃው በአንዴ ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ሲሟሟ መልሶ ይሞቃል። ይህ መዋዠቅ ደግሞ ዓሣ ያሳምማል ተባለና ቀረ። ሥጋዬ ግን ተበላሽቶ ቀረ።

ቀጥሎ ከዚሁ ከከተማችን ታይዋን ገበያ ብስኩት የምታህል ፔልቲየር የምትባል ነገር መጣች። መብራት ሲሰጧት በአንድ ፊቷ ትቀዘቅዛለች፣ በሌላው ትግላለች። ዣን ፔልቲየር የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጆች 1834 የደረሰበት ነገር ነው አሉ። ሰውየው ድሬዳዋን መቼ አወቃት! የምትበላው መብራት ብዙ፣ የምትሰጠው ቅዝቃዜ ጥቂት፤ በጀርባዋ የምትተፋው ግለት ደግሞ ወደ ሳሎኑ፣ ማለትም ወደ እኔ።

በመጨረሻ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታች ባለ12 ቮልት ማራገቢያ በሽቦ ታስራ የሣጥኑ አፍ ላይ ተሰቀለች። ዓሣው እንዳይዘል ክዳኑ በወንፊት ተተካ። ነፋሱ ውሃውን ያተነዋል፣ ትነቱ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውሃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል። የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ነው እንጂ ጅቡቲ ወርዶ ባሕሩ ዳር ቢሞክረው እንዲህ አይቀናውም። ይህን እንደ አዲስ ግኝት ለእኔ ያስረዳኛል! እናቴ ውሃውን በእንስራ ጥላ ሥር ስታቀዘቅዝ፣ ሾፌሩ ኮዳውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሲያንጠለጥል፣ ይኸው ነበር ሥራቸው። ማንም ግን ሳይንቲስት አላላቸውም።

የተነነው ውሃ ይተካ ዘንድም ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ያደረ ውሃ ያስፈልጋል። የባልዲው ዘበኛ ማን ሆነ? እኔ!

መብራት ሲሄድ ደግሞ ጉድ እዩ። የእኔ ቬንትሌተር ቀጥ ይላል፤ የዓሣው በባጃጅ ባትሪ መሽከርከሯን ትቀጥላለች።

እንግዲህ ዓሣ ለማርባት ያሰባችሁ የቆላ ልጆች፣ ሣጥኑን ከፀሐይ አርቁ፣ የሣጥኑን አምፖል ቀን አጥፉ፣ ለቀረው ማራገቢያ ይበቃል፤ በረዶና ፔልቲየር ተዉ። ባትሪ ስትገዙ ግን ሁለት ግዙ፤ አንዱ የአያት ነው።