አንድ፣ አንድ፣ ቆራሌው

ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለክቶ "መድኃኒትህን ዋጥ፣ ጨው ቀንስ፣ ደግሞም ትንሽ ረጋ በል" አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገብተውኛል፤ ሦስተኛውን እንዴት እንደሚያደርጉት የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ገባሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስሮጥ የታጠቅኩ ሰው ነኝ።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ "ማንትራ ሞክር" አለችኝ። ማንትራ ሕንዶች ደጋግመው የሚሉት ቃል ወይም ድምፅ ነው። ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ የተባሉት መምህር ይህን ይዘው ዓለምን ዞረውበታል፤ ዘፋኞቹ እነ ቢትልስም እ.ኤ.አ. በ1968 ሕንድ አገር ሪሺኬሽ ድረስ ሄደው ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ልቤን የያዘው ግን የልብ ሐኪሙ የዶክተር ኸርበርት ቤንሰን ነገር ነው። ሃርቫርድ ውስጥ ስለ ደም ግፊት ሲያጠኑ የማሃሪሺ ተከታዮች መጥተው "እኛን መርምሩን" አሏቸው። መጀመሪያ እንቢ አሉ። ኋላ ሲለኳቸው ግን ትንፋሻቸው ዝግ ብሎ፣ ሰውነታቸው የሚፈጀው ኦክስጅን ቀንሶ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት መጽሐፍ ዘዴውን ለማንም እንዲሆን አቀለሉት፦ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ፣ ከእግር እስከ ፊት ጡንቻን ማላላት፣ ትንፋሽ በወጣ ቁጥር በልብ "አንድ" ማለት። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ፤ ምግብ ከተበላ ግን 2 ሰዓት ማለፍ አለበት።

ቅዳሜ ረፋድ ባለቤቴ ገበያ፣ ልጆቹ ታች ኳስ ላይ ሳሉ፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። አንድ። አንድ። ሁለት። ለካ ከልጅነት ጀምሮ የቆጠረ ሰው "አንድ" ካለ "ሁለት" ተከትላ ትመጣለች። ተመለስኩ። አንድ። የመብራት ተከፍሏል? አንድ። ያኔ ከታች "ቆራሌው!" ተባለ። ሰውዬው "ቆራ" ላይ ይጎትተውና "ሌው" ላይ ይለቀዋል፤ ልክ የእኔን ትንፋሽ ያህል። ጥቂት ቆይቼ ልብ ብል፣ በልቤ የምለው "ቆራሌው፣ ቆራሌው" ሆኗል፤ ደግሞ እንዴት አረጋግቶኛል! ቤንሰን ለዚህም መላ አላቸው፤ ሐሳብ ሲመጣ "ይሁን" ብሎ ወደ ቃሉ መመለስ ነው። ይህን በጣም ወድጄላቸዋለሁ። መቶ ጊዜ የጠፋ ሰው መቶ ጊዜ ከተመለሰ ሥራውን ሠርቷል።

እየተመለስኩ ሳለ የሦስተኛ ፎቋ እማማ ለቡና ሊጠሩኝ መጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ፤ "ይሁን" ብዬ ወደ ቃሌ ሄድኩ። እንግዲህ በእሳቸው ዓይን እዩት፦ ጎልማሳ ሰው መሬት ላይ፣ ራሱን ግድግዳ ላይ ጥሎ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ሲጠሩት አይመልስም፤ ደም ግፊቴን ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። "ኡኡ! ድረሱ!" አሉ፤ ደረጃው ተናጋ። ቀጥሎ ፊቴ ላይ ያረፈው ከቤታቸው በላስቲክ ጠርሙስ ያመጡት ጸበል ነው። ቅዝቃዜው ባንገቴ ገብቶ ወገቤ ደረሰ። ዓይኔን ስገልጥ ጥበቃው፣ ኳስ ተጫዋቾቹ በሙሉ፣ ቆራሌውም ማዳበሪያውን እንደተሸከመ በራፌን ሞልተውታል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይዞልኛል። ሴቶቹ ከንፈር ይመጣሉ። "ደህና ነኝ" ባልኩ ቁጥር "አይዞህ፣ አትናገር" ይሉኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ይህ ነው፤ የእውነት ወድቄ ቢሆን ኖሮ የሚያነሱኝ እነዚህ ነበሩ።

ቡናው ላይ ሁሉንም አስረዳሁ። እማማ ዝም ብለው ሰሙና መቁጠሪያቸውን አወጡ። "እኔም በየጠዋቱ 41 ጊዜ እግዚኦ እላለሁ። ግን የምጠራው አለኝ። አንተ ማንን ነው የምትጠራው?"

"ቃል ብቻ ነው እማማ፣ ልብ ማሳረፊያ" አልኳቸው። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። ቤንሰን ራሳቸው በኋላ፣ ሰው ከእምነቱ የወሰደው ቃል ይበልጥ እንደሚረዳው ጽፈዋል። እኔ ግን ጸሎትን የግፊት ማውረጃ ማድረግ ይከብደኛል፤ ስለዚህ ጸሎቴን በጸሎት ሰዓት፣ "አንድ"ን ለብቻዋ ይዣለሁ። ብቻ ከመቀመጤ በፊት ለእማማ እነግራቸዋለሁ።

"ልቀመጥ ነው፣ እማማ።"

"በል ቶሎ ተነሣ፤ አቦሉ ቢያልፍህ ቶናው እንዳያመልጥህ።"