ይድረስ ለክቡር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011

ጉዳዩ፦ የነፍሰ ጡሯን ዋጋ ስለማጣራት

ክቡር ሆይ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የአዊን ከተሞች እንጅባራንና ዳንግላን እንደሚያቋርጥ ሳይሰሙ አይቀሩም። እዚያ ከመኪና ወርደው አያውቁም እንጂ በወረቀት እንከን አይወጣልዎትም። አሠሪ ሴትን በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር እንዳያሰናብት ከልክለዋል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥተዋል። በማርገዟ የተባረረች ከፈለገች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ካልፈለገች የ180 ቀን ደመወዝና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ትወስዳለች። ፈረስ በሚከበርበት በአዊ ምድር የከበደች ባዝራ ጭነቷ ይቀልላታል እንጂ ከጋጣ አትባረርም፤ እርስዎም እዚህ ላይ ከባላገሩ አላነሱም።

ችግሩ አሠሪ ሂሳብ መቻሉ ነው። እንበል፣ በእነዚህ ከተሞች ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሴት በወር 3,000 ብር ታገኛለች። ከነእርግዝናዋ ካቆያት የአራት ወር ፈቃዷ 12,000 ብር ያስወጣዋል፤ ይህ ቁርጥ ዕዳ ነው። ካባረራትና ከተረታ 18,000 ካሳ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ካገለገለች ደግሞ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ 6,000፣ በድምሩ 24,000 ይከፍላል፤ ይህ ግን የምትከስ ከሆነ ነው። (የሥራ ስንብት ክፍያውን ለጊዜው እንተወው።) ከሁለት ሴቶች አንዷ ዝም ካለች ሂሳቡ እኩል ይወጣል፣ ከሦስት ሁለቱ ዝም ካሉ ትርፍ ነው። ዝምታውን ደግሞ እርስዎው ያግዛሉ፦ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል። በስድስተኛ ወሯ የተባረረች ሴት ይርጋዋ የሚሞላው ምጧ ሲመጣ ነው። የትኛው ይቅደም፣ አዋላጇ ወይስ መዝገብ ቤት?

«አላባረርናትም፣ ውሏ አለቀ» የሚል አሠሪም አይጠፋም። እርስዎ ግን ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ይቆጠራል፣ የተወሰነ ጊዜ የሚፈቀደው ለተዘረዘሩ ሥራዎች ብቻ ነው ብለዋል። የሆቴል አንሶላ በየቀኑ እየተነጠፈ አንጣፊዋ ብቻ በየስድስት ወሩ «ጊዜያዊ» የምትሆንበትን ምክንያት የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ግን የዚያን አንሶላ ያህል አይዘወተርም። «ትንሽ ድርጅት አራት ወር ሙሉ መክፈል አይችልም» የሚለው ክርክር ግን ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። የፈቃዱን ደመወዝ በሙሉ በአንድ አሠሪ ጫንቃ ላይ የጣሉት እርስዎ ነዎት፤ ማህፀንን ኪሳራ ያደረገውም ይኸው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 183ኛ ስምምነት የወሊድ ክፍያ ከማኅበራዊ ዋስትና ወይም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲወጣ ያዘዘው ይህንኑ አስቦ ነው። እኛ ዘንድም ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ይሰበሰባል። ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ የሚከፍል ፈንድ አለን ማለት ነው፤ ለሚወለደው ገና አልደረሰም። የወሊዱ ሸክም በዚህ መንገድ ቢከፋፈል ኖሮ አሠሪው ሴቲቱን ለማባረር ሂሳብ የሚያወጣበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጡረታ ፈንዱ
ለሕፃኑ አባት፣ የሦስት ቀን ፈቃዱን ሲጨርስ