ያው ስካይሪም፣ ያው ክርክር

ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ የስካይሪም ክርክር ይብቃን! እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ጌም የሚወዱ ሁለት አበሾች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ነው። አንዱ «እንደሱ ያለ ጌም ከዚያ ወዲህ አልተሠራም» ይላል። ሌላው «ስሙ ብቻ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው» ይላል። ሦስተኛው ይመጣና «እናንተ ሞሮዊንድን ስላልተጫወታችሁ ነው» ብሎ ሁለቱንም ያስቀይማል። አቦሉ አልቆ፣ ቶናው አልቆ፣ በረካው ሲቀዳ ክርክሩ ከተነሳበት ፈቀቅ አላለም። ሰለቸን። ደከመን።

ነገሩ የትናንት ቢሆን ባልከፋ። ስካይሪም የወጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ነው፤ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ኮንትሮለሩን ይዞ ከአባቱ ጋር ይሟገታል። ሞሮዊንድማ፣ የዚያው የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጌም፣ ከዚያም ይቀድማል፤ የወጣው በ2002 በሜይ ወር ነው። በዚያው ዓመት፣ ኦገስት ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ይህንን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። ሰፈራችን ስሙን ካገኘበት ዓመት አንስቶ የሚንከባለል ጠብ ነው እንግዲህ። በመካከሉ ስንት ምግብ ቤት ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ፣ መኪና ማቆሚያ ጠፋ፤ ይህ ክርክር ግን ንቅንቅ አላለም።

አወዳሾቹ እውነት አላቸው። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ከመሰየፍ ተርፈህ፣ ከሄልገን ከተማ በታች ካለው ዋሻ ስትወጣ፣ ያ በረዷማ አገር ወለል ብሎ ይታይሃል። «በዚህ በኩል ካልሄድክ» ብሎ የሚያስገድድህ የለም። ሩቅ የሚታየው ተራራ ለዓይን የተቀመጠ ሥዕል አይደለም፤ ከፈለግህ ትወጣዋለህ። ይሄ ለደገኛ ልብ ይነካል። ደባርቅ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ያንን ጉም ያውቀዋል፤ ውርጩን ያውቀዋል፤ ጎህ ሲቀድ ከሸንተረሩ ላይ የሚገፈፈውን ጭጋግ ያውቀዋል። የጄረሚ ሶል ሙዚቃ ሌሊት ከዋክብት በሞሉበት ሰማይ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ፣ የቀኑን ሥራ ጨርሶ የመጣ ሰው ትከሻው ይላላል። ለደራጎኖቹ ደግሞ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ፊደልም ተሠርቶላቸዋል። ያንን በጥፍር የተቧጠጠ የሚመስል ፊደል የነደፈው አዳም አዳሞዊች የተባለ ሠዓሊ ነበር፤ ጌሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ2012፣ ዐረፈ። የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ልጅ እንዲህ ያለ ልፋት ዋጋው ስንት እንደሆነ ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ እያየን ላደግን ደግሞ ደራጎን ባዕድ አይደለም።

ነቃፊዎቹም አልዋሹም። ፍልሚያው ሰይፍ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው፤ ስትመታም ሲመቱህም ክብደት የለውም። ይህ ነው የሚባል ድግምት ሳትማር የዊንተርሆልድ አስማተኞች ኮሌጅ አለቃ ትሆናለህ። እነ ማክስ ቮን ሲዶውና ክሪስቶፈር ፕለመርን የመሰሉ ታላላቅ ተዋንያን ድምፃቸውን የሰጡበት ጌም ነው፤ ከተማ ስትገባ ግን ባለሱቁም ዘበኛውም በአንድ ሰው ድምፅ ያናግሩሃል። ጉልበቱን በቀስት ስለተመታው ዘበኛ ንግግርስ ምን ልበል? በየከተማው በር ያው ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ እየፈበረከ የሚሰጥህ ተልዕኮ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ዋሻ ግባ፣ ግደል፣ ዕቃ ይዘህ ተመለስ፣ እንደገና ዋሻ ግባ።

ታዲያ ሁለቱም እውነት ከሆነ አንድ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ለምን አይልም? እዚህ ላይ ነው የሚያንገሸግሸኝ። «እወደዋለሁ፣ ግን ፍልሚያው ደካማ ነው» ካልክ ከሁለቱም ወገን ትባረራለህ። ለአንዱ ከዳተኛ ነህ፣ ለሌላው ገና ያልነቃህ ነህ። ሰው ከስልሳ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠ ነገር የተቀላቀለ አስተያየት ቢኖረው ምን ይገርማል? ስልሳ ሚሊዮን ሰው በአንድ ቃል የሚስማማበት ምን ነገር አለ?

የሞሮዊንድ ወገኖች አቋም ቁም ነገር አለው፤ እሱን አልክድም። በሞሮዊንድ ቦታ የሚያሳይህ ቀስት የለም። ሰው አፍ ላይ ያለውን ምልክት ይዘህ ነው የምትሄደው፤ ድልድዩን ተሻገር፣ ከትልቁ ድንጋይ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ከዚያ ዳገቱን ውጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደምንጠቁመው ማለት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብለህ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር።» እየጠየቅህ፣ እየተሳሳትክ፣ አገሩን ታውቀዋለህ። ስካይሪም ላይ ግን በዚያ ምትክ ቀስት አለ፤ ዓይናችን ከመንገዱ ይልቅ ቀስቱ ላይ ተተከለ። ይህ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ኪሳራውን በእያንዳንዱ ስብሰባ መስማት ሌላ ኪሳራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የእኛ ጉዳይ ነው። አብዛኞቻችን ጌም የለመድነው አዲስ አበባ፣ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይገባል። ፊፋ ለዚህ ይመቻል። መቶ ሰዓት የሚፈልግ፣ ብቻህን የምትጫወተው፣ ያቆምክበትን ቦታ አስቀምጠህ ነገ የምትመለስበት ጌም ግን ለዚያ ቤት አይሆንም። ማን ከፍሎ ይቀመጣል? ማንስ ወረፋ ይጠብቅልሃል? መብራቱም ይሄዳል። ስለዚህ ስካይሪምን ብዙዎቻችን ያገኘነው አሜሪካ ከመጣን በኋላ ነው፤ አርጅቶ፣ ረክሶ፣ በአሮጌ ዲስክ። ስንደርስበት ሌሎች ጠብ ጀምረው፣ ቃላቸውን ጨርሰው፣ ወገን ለይተው ቆይተውናል። እኛም ጌሙን ከማየታችን በፊት የሰው ጠብ ወረስን።

አዲስ ሰው ሲመጣ የምናደርገውን ተመልከቱ። ከአገር ቤት የመጣ ወንድም የመጀመሪያ ደሞዙን ተቀብሎ «ያንን ሁሌ የምታወሩለትን ጌም ልሞክረው» ይላል። አንዱ ወዲያው «መጀመሪያ ሁለት መቶ ሞድ ካልጫንክ እንዳትነካው» ይለዋል፤ ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ጌሙን ለመቀየር የሚሠሩት ጭማሪ ነው። ሌላው «ጊዜህን አታቃጥል፣ ዊቸር 3ን ግዛ» ይለዋል። ሦስተኛው የመጨረሻውን ታሪክ ከነፍጻሜው ይነግረዋል። ልጁ የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ሠርቶ የመጣ ነው። ያለችውን አንድ ሰዓት ሞድ ሲጭን፣ ሲጋጭበት፣ ሲያራግፍ ይጨርሳታል። ተራራውን ሳያየው ይተኛል።

በዚህ ላይ ሻጩ እሳቱ እንዳይጠፋ እንጨት ይጨምራል። የጌሙ ሠሪ ቤተስዳ ያንኑ ጌም በ2016 «ልዩ እትም» ብሎ አወጣው። በ2017 ለኒንቴንዶ ስዊች፣ በዚያው ወር ደግሞ ዓይን ላይ ለሚደረገው ቪአር አወጣው። በ2021፣ በአሥረኛ ዓመቱ፣ የልደት እትም ብሎ መለሰው። በየመካከሉ አፕዴት ሲለቀቅ ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሙት ሞድ ይሰበራል። ጌሙ መጀመሪያ በወጣ ሰሞን አንዱ የማረሚያ ፓች ደራጎኖቹን ወደ ኋላ እንዲበሩ አድርጎ ነበር። የፕሌይስቴሽን 3 ተጫዋቾች ደግሞ ብዙ በተጫወቱ ቁጥር ፋይላቸው እያበጠ ጌሙ ይንቀራፈፍባቸው ነበር፤ ጌሙን አብዝቶ የወደደ አብዝቶ ተቀጣ። እስከ ዛሬ ብዙውን ስህተት የሚያርመው፣ «ይፋዊ ያልሆነ ፓች» በሚል ስም፣ ተጫዋቾች ራሳቸው በነፃ የሠሩት ሥራ ነው። ቤተስዳ እንዲህ በነፃ ከሚሠሩት መካከል ሞድ ሠሪዎችን ይዞ በኤፕሪል 2015 ሞድ በገንዘብ ለመሸጥ ሞክሮ ነበር፤ ለሠሪው የሚደርሰው ከመቶ 25 ብቻ ነበር። ቁጣው በርትቶ ከአራት ቀን በኋላ ተወው። በ2023 መጨረሻ ግን በሌላ ስም ተመለሰ።

እያንዳንዱ እትም ሲወጣ ክርክሩ ከዜሮ ይጀምራል። «አሁን ተስተካክሏል» ይላል አንዱ። «ያው ነው» ይላል ሌላው። በ2025 በኤፕሪል ደግሞ የስካይሪም ታላቅ የሆነው፣ የ2006ቱ ኦብሊቪየን፣ ፊቱ ታድሶ በ50 ዶላር ወጣ። ቆንጆ ሆኗል፤ አይካድም። ከአሮጌዎቹ ስህተቶች የተወሰኑትም አብረውት መጥተዋል። ፌርፋክስ ላይ ወዲያው አራተኛ ወገን ተፈጠረ።

አዲሱስ? የስድስተኛው ኤልደር ስክሮልስ ማስታወቂያ የታየው እዚሁ፣ በእኛው ከተማ ነው፤ በጁን 2018፣ በኢስሪ የጌም ትርኢት ሰሞን። ተራራ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ሙዚቃ፣ ስም፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኢስሪ ራሱ በ2023 ለዘለዓለም ተዘጋ፤ ጌሙ ግን ይህን እስከምጽፍበት ድረስ አልወጣም። ለዚያም ነው አሮጌውን የምናኝከው፤ ሌላ የሚታኘክ የለም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ሰው «ልጀምረው ነው» ካላችሁ «መልካም ጉዞ» ብላችሁ ተዉት። ሞዱን ሳይጭን፣ ፍጻሜውን ሳይሰማ፣ መጀመሪያ በራሱ ዓይን ይየው። ከወደደው ይውደደው፤ ከሰለቸው ይተወው፤ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ከተሰማው ደግሞ ጎሽ በሉት፣ አጥርቶ አይቷል። አንድ ጊዜ የገዛችሁትን ጌም በአዲስ ካርቶን ሲመጣ አትግዙት። ስድስተኛው የሚወጣበት ቀን ሲነገር ደግሞ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ወጥቶ፣ ሰው ተጫውቶት፣ ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ግዙ።