ለብረት ሌባ 20 ዓመት፣ ለወርቅ ተቀባይ የመስታወት ሳጥን

ለቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም
ለንደን

ጉዳዩ፦ የብረታ ብረት ስርቆት ቅጣትን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሙዚየሙ ኃላፊዎች፣

እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ መካነ ሰላሞች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ደህና እንሆናለን። ደብዳቤውን የምጽፈው ልወቅሳችሁ አይደለም። ምክር ፈልጌ ነው። በብረታ ብረት ጉዳይ ልምድ ያለው ሰው ሲፈለግ ጎረቤታችንን መቅደላን ጠየቅኩና ወደ እናንተ መራችኝ።

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ሌባ በጨለማ ይወጣና የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ታወር ላይ ብሎን ይፈታል። አንጎላሬ የሚባለውን የታወር ብረት እየነቀለ ያወርድና ሳይነጋ ለውራጅ ብረት ገዢ በኪሎ ያስረክባል። እግሩ የሳሳ ታወር ነፋስ ይጠብቃል፤ የወደቀ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፣ እህል ያስፈጨው ሰውም በአህያ የጫነውን ይዞ ይመለሳል። መንግሥት ይህን አይቶ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 464ን አወጣ፦ የቴሌና የኤሌክትሪክ አውታር ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ያደረሰ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት።

ይበል ብለናል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከፋይ አንድ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ታወር የገዛው ሕዝብ ነው፤ የተተካውንም እሱ ገዛ። ታሳሪውን የሚቀልበውም ይኸው ሕዝብ ነው፤ ቀለቡ አልበቃ ሲል ደግሞ ሚስቲቱ ሳህኑን በፌስታል ቋጥራ ማረሚያ ቤት በር ላይ ትሰለፋለች። አንጎላሬውን በኪሎ የገዛው ሰውዬስ? ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል፣ ሚዛኑን ይወለውላል።

ስለዚህ የእናንተን ሕግ አገላበጥኩና ቀናሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችሁት የስርቆት ሕግ ሌባ ዛሬ ቢበዛ 7 ዓመት ይፈረድበታል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የተቀበለ ግን እስከ 14። ተቀባይ የሌባ እጥፍ! (ሕጉ የወጣው መቅደላ በተዘረፈች ልክ በ100 ዓመቷ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ምንም አላልኩም።) ሌቦች የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እርሳስ እየገፈፉ ሲያስቸግሯችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ ሕግ አከላችሁ፦ ውራጅ ብረት ገዢ ፈቃድ ያውጣ፣ የሻጩን ስምና አድራሻ ያረጋግጥ፣ በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፍል።

እስቲ በዚህ ሕግ አንድ መዝገብ እንይ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። ዘረፋው የዚያኑ ዕለት ተጀመረ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ የአቡኑን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዛ። የሻጩ ስምና አድራሻ? ወታደር፣ መቅደላ። ዕቃው ከየት ተገኘ? ከቤተ ክርስቲያን። ክፍያው? እጅ በእጅ።

የእኛ ሌባ ቢበዛ አንድ አህያ ቢጭን ነው። የእናንተዎቹ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ወረዱ፣ ሚያዝያ 13 እና 14 ጨረታ አወጡ፣ 5,000 ፓውንድ ገደማ ሰበሰቡ። የደላንታ ሰው ያን የመሰለ የውራጅ ገበያ ከዚያ ወዲህ አላየም። መቅደላ አምባ ላይ የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ቀርቶልናል፤ የቀረው ግን በእኛ ጥበቃ እንዳይመስላችሁ፣ 70 ኩንታል ስለሚመዝን ነው።

ዘውዱና ጽዋው ዛሬ እናንተ ዘንድ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትራችሁ ግላድስተን ገና እ.ኤ.አ. በ1871 ፓርላማ ቆመው የመቅደላ ዕቃዎች በመምጣታቸው እጅግ ማዘናቸውን ተናግረዋል፤ ኀዘኑ እንጂ ዕቃው አልመጣልንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ይመለሱልኝ ብላ በይፋ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ2018፣ የመቅደላን 150ኛ ዓመት ዐውደ ርእይ ስትከፍቱ፣ ዳይሬክተራችሁ በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አሉ። በሬውን የሰረቀ ሰው «እረስበትና ለሰኔ መልስልኝ» እንደማለት ነው። ለምን አትመልሱም ስትባሉ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቅርስ ሕግ እጃችንን አስሮናል ትላላችሁ። እኛ እኮ ለአንጎላሬ አዋጅ ያወጣን አገር ነን፤ ሕግ በፓርላማ እንደሚወጣ ሁሉ በፓርላማ እንደሚሻሻልም እናውቃለን።

አይዟችሁ፣ እስር አንጠይቅም። የአገራችሁን ግብር ከፋይ አዝንለታለሁ፦ አንድ እስረኛ በዓመት 50,000 ፓውንድ ገደማ ያስወጣችኋል፤ በ14 ዓመት 700,000 ማለት ነው፣ ለዚያውም 4 ፓውንድ ለተከፈለበት ዕቃ። ማረሚያ ቤቶቻችሁም ሞልተው እ.ኤ.አ. በ2024 እስረኛ ያለጊዜው ስትለቁ ነበር። ቅጣት አጥብቀን እኛም አይተነዋል፤ ሰው ይታሰራል፣ ብረቱ አይመለስም። እናንተ ግን ዕቃው በእጃችሁ ነው፣ አድራሻችሁም ይታወቃል። ለሕዝብ እንዲህ ርካሽ የሆነ የስርቆት መዝገብ የትም አይገኝም፦ ሁለት ሳጥንና የአውሮፕላን ማጓጓዣ።

መንገዱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱን ለንግሥት ዘውዲቱ መልሳችኋል፤ የመለሳችሁት ወርቅ የተቀባውን የብሩን ነው፣ ወርቁን አስቀርታችሁ። አሁን የቀረውን ከጽዋው ጋር ላኩልን። የርክክብ ደረሰኝ ቆርጠን እንሰጣችኋለን፤ በውሰት ቅጽ ላይ ግን አንፈርምም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከመካነ ሰላም

ግልባጭ፦
ለብሪቲሽ ሙዚየም፦ ማንም እንዳያያቸው ቆልፎ ያስቀመጣቸውን 11 ታቦታት ይመለከታል።