የጃንጥላው ወርቅ፤ ስለ ዘፈን ትርጓሜ የተደረገ ጥናት

የአማርኛ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ ዘፋኙ ያወጣዋል፤ ቀጥሎ አድማጩ ትርጉሙን ያወጣለታል። ስለ መጀመሪያው መውጣት ብዙ ተጽፏል። ስለ ኦርኬስትራው፣ ስለ ሸክላውና ስለ ካሴቱ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ስለሚባሉት ቅኝቶች ያልተባለ የለም። ስለ ሁለተኛው ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ሲሆን፣ መረጃው የተሰበሰበው የትርጓሜ ሥራ በስፋት ከሚካሄድባቸው ተቋማት ነው፦ ከሚኒባስ ታክሲ፣ ከፀጉር ቤት፣ ከጠጅ ቤት፣ እንዲሁም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከለቅሶ ቤት ድንኳን።

ዘርፉ የዘር ሐረጉ ከትልቅ ቤት ይመዘዛል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቅ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያለ የሚያወርደውን አንድምታ ለመማር ዕድሜውን ሰጥቷል። የቅኔ ተማሪም ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ወርዶ፣ ውሻ እየነከሰው ኮቾሮ ለምኖ ነው ሰሙን ከወርቁ መለየት የሚችለው። የታክሲው ተርጓሚ ይህንኑ ከመገናኛ ተነሥቶ አራት ኪሎ ሳይደርስ ይጨርሳል፤ መልስም ይቀበላል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የውጭ አገር ማረጋገጫም አለው። መጽሐፉን ያነበበ መረጃ ሰጪ አልገጠመኝም። ርዕሱን ያልጠቀሰም አልገጠመኝም።

የጥናቱ ዋና ግኝት ቀድሞ ቢነገር ይሻላል፤ አንባቢ እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይመርገዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። የዘፈን አድማጭ አሠራር ግልባጩ ነው። ወርቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ የቸገረው ሰም ነው። አከራዩ ኪራይ የጨመረበት ሰው ወርቁ የቤት ኪራይ ነው። ልጁ በየመን በኩል የወጣበት አባት ወርቁ ስደት ነው። ከመሥሪያ ቤት ኃላፊው ጋር የተኳረፈውም እንዲሁ የራሱን ይዟል። ሬዲዮው ይከፈታል፣ አንድ ምስኪን ዘፋኝ «ናፈቅሽኝ» ይላል፤ ሁሉም በያዘው ልክ ያፈስስበታል።

ይህ በሙከራ መረጋገጥ ነበረበት። ለሙከራው ደግሞ አንዳች ወርቅ የሌለበት ግጥም ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ግጥም ብወስድ ባለቤቱ ነገ ተነሥቶ «አለበት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። ስለ ጃንጥላ ነው።

ደጅሽ ላይ ቆሜ ነው ጃንጥላዬን ይዤ፣
ዝናቡም አባራ እኔ ቀረሁ ፈዝዤ።

ሰውየው ልጅቷ ደጅ ቆሟል። ጃንጥላ ይዟል። ዝናቡ አባርቷል። ልጅቷ አልወጣችም። ግጥሙ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሲገጠምም ከዚህ ያለፈ ነገር አልታሰበም።

ናሙናው የቀረበው አንድ አዝማሪ ቤት ውስጥ ነው። አዝማሪ ቤት ለዚህ ዓይነት ጥናት እጅግ ይመቻል። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን በቃል ይሰጣል፤ አዝማሪው ደጋኑን ከአንዲቷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ ሳያነሣ ይቀበልና በዜማ ይመልሰዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግጥሙን የሠራው አድማጭ ነው፤ የሚተረጉመው ሌላ አድማጭ ነው፤ ብሩን ግንባሩ ላይ የሚለጥፈውም አድማጭ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ «አዝማሪው ምን ማለቱ ነው?» የሚል ጥያቄ መግቢያ ቀዳዳ የለውም። በየማታው ግን ይገባል።

አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ በሰላም አሳለፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ዝናቡም» የምትለዋን ጎተታት፣ ማሲንቆዋን ገታ አደረጋትና ቅንድቡን አነሣ። ቅንድቡን ያነሣው፣ ኋላ ራሱ እንዳስረዳኝ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ ጠርሙስ ሊወድቅ ስለነበረ ነው። ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ጥግ የተቀመጠ ሰው አብራው ወደመጣችው ዞሮ «ገባሽ?» አላት። «ገባኝ» አለች፤ እሱ ጥያቄውን ሳይጨርስ። ፍጥነቷ ለጥናቱ ጠቃሚ ነው። በዚህ ዘርፍ «አልገባኝም» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በመረጃ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ያለ ሰው ስላልተገኘ።

ከዚያ ትርጓሜው ወረደ። እንደ ሥርዓቱ እናስቀምጠው።

አንድም፤ ደጅ የተባለው ቤተ መንግሥት ነው። ቆሜ ማለቱ ደጅ መጥናቱ ነው። ዝናብ የ1966ቱ አብዮት ነው፤ ዘነበ፣ አባራ፣ ጠኚው ግን ሹመቱን ሳያገኝ ቀረ። ይህን ያሉት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሹመቱ የማን እንደነበረ ስጠይቃቸው ቢራቸውን ጠጡ።

አንድም፤ ጃንጥላ የሚለው ተከፍሎ ሲነበብ ጃን ጥላ ይሆናል። ጃን የጃንሆይ ጃን ነው። ስለዚህ በእጁ የያዘው የዘውድ ጥላ ነው፤ ጥላው ያለባለቤት የቀረበት መኳንንት እየተናገረ ነው። ይህ ኅብር ነው ተብሎ ተጨበጨበለት። ተርጓሚው አንድ ክረምት የቅኔ ቤት የተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመኑን ስለዚያ ክረምት በማውራት ያሳለፈ ሰው ነው። ለፍትሕ ሲባል ግን መመስከር አለብኝ፤ ከእኔ ግጥም የእሱ ትርጓሜ ይሻላል።

አንድም፤ ደጅሽ ማለት የባሕር በር ነው። ይህን የሰጠው ወጣት ዝናቡ ምን እንደሆነ ገና እያጠናው ነው።

አንድም፤ ዝናቡ ዲቪ ነው፤ ጃንጥላው ፓስፖርት ነው፤ ፈዝዤ የሚለው ሳይተረጎም ይገባል። ይህንኑ ናሙና በስልክ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ዘመዴ ባነብለት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ፈዞ የቀረው አገር ቤት ያለው ሳይሆን እዚያ ያለው ሆነ። ዝናቡ ኢሕአዴግ ነው፣ አባራ፣ እኔ ግን ጃንጥላዬን ይዤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደቆምኩ ነኝ አለ። ድምፁ ተቆረጠ። መስመሩ መስሎኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲወርድ ልጅቷን ያነሣት የለም። በትርጓሜው ወግ «አንቺ» የተባለች ሴት አገር ናት፣ ካልሆነች ወንዝ ናት፣ ካልሆነች ዘመን ናት። ሴት ሆና የተገኘችበት አጋጣሚ ካለ ተርጓሚው ደክሞት ነበር ማለት ነው። በየዘፈኑ እየተወደሰች፣ ዐይኗ፣ አንገቷና ሽሩባዋ በየተራ እየተጠራ፣ አንድም ቀን ለእሷ ያልተዘፈነላት ብቸኛ ፍጡር ናት። በዚያ ምሽት ስለ እሷ የጠየቁት ቆሎ ሊሸጡ የገቡት እናት ብቻ ናቸው። ስንኙን ከበሩ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ የሽንብራውን ስፍር እያፈሰሱልኝ «ምነው ልጅቷ አልወጣችለት? ታማ ይሆን?» አሉ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። የቅኔ አያውቁም ተባለ። ጥናቱ የእሳቸውን አስተያየት ከተለመደው መስመር የወጣ ብሎ መዝግቦታል።

በመጨረሻ ግጥሙ የእኔ እንደሆነና ስለ ጃንጥላ እንደሆነ ተናገርኩ። ጡረተኛው በርኅራኄ አዩኝና «ልጄ፣ መግጠምና ማወቅ ይለያያል» አሉኝ። የባሕር በሩ ወጣት ወንበሩን አስጠጋ፤ «ወንድሜ፣ ይህን እንድትል ማን ነው ያዘዘህ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚህ የሚገኘው ሕግ ቀላል ነው። ገጣሚው «አዎ፣ ወርቅ አለው» ካለ፣ አለው። «የለውም» ካለ፣ ፈርቷል፤ ስለዚህ አለው። ከሞተ ደግሞ የበለጠ አለው።

ይህ ሕግ ግን በታክሲ ውስጥ አልተወለደም። ለትርጓሜ ትልቁን በጀት መድቦ የኖረው አድማጭ መንግሥት ነው፤ በዚህ ረገድ የሕዝቡ ጥርጣሬ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነው ማለት ይቻላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የኢጣሊያው ገዢ ግራዚያኒ ጠንቋዩና ባሕታዊው፣ ከእነሱም ጋር አዝማሪው፣ እየተያዘ እንዲገደል አዝዟል። የቅኔ ቤት ደጅ አልረገጠም፤ አንድምታም አልወረደለትም። ከዚያ በኋላ ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው ስለ ጃንጥላ ነው የዘፈንኩት ቢል ማን ያምነዋል?

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍም የክብር ዘበኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ እስከ ሕልፈቱ ድረስ ስለ ፍቅር ያልዘፈነው የለም። አድማጩ ግን አንዴ የታሰረ ሰው እንዲሁ በባዶ ሜዳ «ወደድኩሽ» ይላል ብሎ ለማመን ተቸገረ። ሰውየው በዚያ ጉሮሮ ሲያለቅስ ስለ ሴት ብቻ ከሆነ፣ ሴቲቱ ከባድ ኃላፊነት አለባት።

ደርግ ደግሞ ሥራውን በሥርዓት ያዘው። ግጥም ከመዘፈኑ በፊት ለሳንሱር ይቀርብ ነበር። ማለትም በአገሪቱ ውስጥ ደመወዝ እየተቆረጠላቸው ወርቅ የሚፈልጉ አድማጮች ነበሩ ማለት ነው። የሳንሱር ሠራተኛ ሕይወት ለምቀኝነት አይዳርግም። የዝናብ ዘፈን ቢያግድ በመንግሥት ላይ ዝናብ አለ ብሎ ያመነ እሱ ነው። ቢያሳልፈው፣ በማግስቱ ሕዝቡ ካሴቱን ገዝቶ «እንዴት አመለጣቸው?» ይላል። ታግዶ የቀረ ግጥም ወርቅ እንዳለው በመታገዱ ይታወቃል፤ ማኅተም ተመትቶበት የወጣ ግጥም ደግሞ ወርቁ ባለማኅተሙ ሳይቀር ሊደርስበት ያልቻለ ጥልቅ ነው። ያም ሆነ ይህ ወርቁ አይቀርም። ዛሬ ያ ሠራተኛ በሕይወት ካለ፣ የዘመኑን የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ ከነሙሉ ፍርሃታቸው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ሲከለክል ተርጓሚዎች ሥራ ይፈታሉ ተብሎ ሊሰጋ ይችል ነበር። ሰው የልቡን በግልጽ መናገር ከተፈቀደለት ምን የሚተረጎም ይቀራል? ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም። ቴዲ አፍሮ በ1997 ዓ.ም. «ጃ ያስተሰርያል»ን ሲያወጣ ዘፈኑ ማንን እንደሚል ለመረዳት ቅኔ ቤት መውረድ አላስፈለገም። የእኔ መረጃ ሰጪዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል። በአደባባይ የተቀመጠ ወርቅ ማንም ያነሣዋል፤ እነሱ ወደ ፍቅር ዘፈኖቹ ዞሩ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሳይተረጎም ቀርቷል። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አላቸው። በዚያ ምሽትም ባለማሲንቆውና አጃቢዋ በዘፈኑ መሐል፣ ሁላችን ፊት፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ በእሱ ተነጋገሩ። ወደ እኔ እያዩ ነበር። በትርጓሜ ከተጠመደው ቤት ውስጥ አንድም ሰው «ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ጃንጥላው ላይ ነው። ቃሉ ባይገባኝም ተነሥቼ ሃምሳ ብር ስለጥፍ ንግግሩ ቆመ። በጥናቱ ሂደት ትክክለኛነቱ ወዲያው የተረጋገጠ ብቸኛው ትርጓሜ ይህ ነው።

ጥናቱ ውሱንነት አለው። የሠርግ ዘፈን አልተካተተም፤ እስክስታ የሚወርድ ሰው ለመተርጎም ትንፋሽ አያገኝም። ግጥም የሌለውን ሙዚቃም ከጥናቱ ለማውጣት ታስቦ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የሚጫወተው ላይ ሰም የለም፣ ወርቅ የለም፣ «አንቺ» የለም፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያመለጠ አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ከመገናኛ ስንነሣ አጠገቤ ለተቀመጡ ሰው አካፈልኳቸው። ሬዲዮው ላይ የእሱ ሙዚቃ ነበር። ሰውየው እስኪያልቅ ድረስ በጥሞና ሰሙ፣ ሾፌሩን በዐይናቸው አመለከቱኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ግጥሙን ለምን እንዳወጣው አልገባህም?»

«ገባኝ» አልኩ።